የሊቶሪናዋ ቢጫ መስመር፦ ትንሽ ባቡር እንዴት ይቀባል?

ጎንደር ባቡር ደርሶ አያውቅም። ሀዲድ በሌለበት ከተማ ቁጭ ብሎ ባቡር የሚቀባ ሰው ምን ነካው ብትሉ አልቀየምም፤ ጎረቤቶቼም ይሉኛል። ጣጣው የአባቴ ነው። በወጣትነቱ አስመራ ኖሯል፣ በሊቶሪና ምጽዋ ወርዷል። የሰው አባት ማታ ማታ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ሲተርት፣ የእኛው ስለ ሊቶሪና ነበር የሚያወራልን። ፊቷ የድሮ ፊያት መኪና ነው ይል ነበር፤ ከነራዲያተሩ።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ሊቶሪና የራሷ ሞተር ያላት የመንገደኛ ፉርጎ ናት። ከፊት የሚጎትታት የለም፤ ብቻዋን ትሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጣሊያኖች ያመጧት ናት። ትሄድበት የነበረው የምጽዋ አስመራ መስመር 118 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሀዲዱ ጠባብ ነው፣ ስፋቱ 950 ሚሊሜትር። ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነስታ ከ2300 ሜትር በላይ ትወጣ ነበር።

የእኔዋ ከእውነተኛዋ 87 ጊዜ ታንሳለች። ከውጭ የመጣች ያልተቀባች የፕላስቲክ ኪት (ተገጣጣሚ ሞዴል) ናት፣ ርዝመቷ 18 ሳንቲም። ከታች ጥቁር ቀይ፣ ከላይ ክሬም፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ቢጫ መስመር አድርጌ ነው የቀባኋት። የየትኛውም ድርጅት ቀለም አይደለም፤ ባቡር በሌለበት ከተማ ቀለሙን የሚከለክለኝ ማን ነው?

አስቸጋሪው መስመሩ ነው። በእውነተኛ ባቡር ላይ 5 ሳንቲም የሆነ መስመር እዚህ 0.57 ሚሊሜትር ይሆናል። አንዲት የጤፍ ፍሬ አስቡ። በዚያች ውፍረት 18 ሳንቲም ሙሉ ሳይወፍር፣ ሳይሳሳ፣ ሳይንጋደድ መሄድ አለበት። የመጀመሪያዋ ሊቶሪናዬ መስመሯ ሲበላሽ እጄ የተንቀጠቀጠ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛዋም ስትበላሽ ቁጭ ብዬ ወደ ኋላ አሰብኩ። ጥፋቱ መስመሩን ከማስመሬ ከሦስት ቀን በፊት የሠራሁት ነበር። ስለዚህ ከዚያው እንጀምር።

ጊዜና ቦታ

ክረምት ላይ አትሞክሩት። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ አየሩ እርጥብ ነው። የመኪና ስፕሬይ በእርጥብ አየር ከተረጨ ጭጋግ የለበሰ ይመስል ይነጣል። ቲነሩ ቶሎ ሲተን የቀለሙን ላይ ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበት እዚያ ላይ ጤዛ ይሆናል። ያያችሁት ነጭ ነገር እሱ ነው።

በጋ ደረቅ ነው፤ ግን አቧራ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ። እኔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እጀምራለሁ። ከዚያ በፊት ወለሉን ውሃ ረጭቼ ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ። በሩን ዘግቼ መስኮቱን እከፍታለሁ። ከሰል የተቀጣጠለበት ቤት ውስጥ ግን ስፕሬይ አይነካም። ቡና እየተፈላ ከሆነ ቡናውን ጠጡ፣ ከሰሉን አውጡ፣ ከዚያ ጀምሩ። የቲነር ትነት እሳት ፍለጋ በወለል ላይ ይሄዳል። የሕክምና ማስክ አቧራ ይከለክላል እንጂ ትነቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ረጭታችሁ ስትጨርሱ ውጡ።

የተረጨ ነገር ሲደርቅ መሸፈን አለበት። ካርቶን ሞክሬ ነበር፤ ብናኙ ራሱ ቀለሙ ላይ ያርፋል። ከዚያ የመሶብ ክዳን አገኘሁ። ሰፊ ነው፣ ከፍ ያለ ነው፣ በስፌቱ መሐል አየር ያስገባል፣ ዝንብ አያስገባም። ከውስጥ ንጹሕ ወረቀት ለጥፉበት። እናቴ «አንተ ልጅ፣ እንጀራው ቀለም ቀለም አለኝ» ማለቷን አልደብቃችሁም። አሁን የራሴን አሮጌ መሶብ ቅዳሜ ገበያ ገዝቻለሁ።

እጥበት

ፕላስቲኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ከቅርጹ እንዲላቀቅ የተቀባ ቅባት አለበት። አይታይም፤ ቀለም ግን አያስጠጋም። ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። የመስኮቶቹን ጥግና የበሮቹን ስንጥቅ እንዳትረሱ። በደንብ አለቅልቁና በራሱ ይድረቅ። በፎጣ አትጥረጉ፤ ክር ይተዋል።

ከታጠበ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም። ምሳ ላይ ቅቤ ነክታችሁ ከነበረ ቅቤው ጣታችሁ ላይ አለ፣ ሳሙና ቢነካውም። ጓንት ከፋርማሲ ይገኛል። ቦዲውን ከሻንሲው ለዩትና ከውስጥ የሚጠብቅ እንጨት ሰክታችሁ እንጨቱን ይዛችሁ ሥሩ።

የቀድሞ ቀለም ያለበት ከሆነ ማንሳት ግድ ነው። ፍሬን ዘይት ፕላስቲኩን ሳይጎዳ ቀለሙን ያላቅቃል፤ በመጀመሪያ ግን ከውስጥ በኩል በአንድ ነጥብ ሞክሩ። ጥቂት ሰዓት ዘፍዝፋችሁ በብሩሽ ፈግፍጉ። ቆዳ ላይ አይፍሰስ፣ ልጆች አጠገብ አይቀመጥ።

የቀለም ጠብ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘቤንም ልቤንም የበላው ይሄ ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬን በብረት በር ቀለም ቀባሁት። ያ ሲንቴቲክ የምንለው ነው፤ በአኳራጅ የሚቀጥነው። አማረ። በሁለተኛው ቀን ከመለዋወጫ ሱቅ የመኪና ስፕሬይ ገዛሁ። ሻጩን «ከዚህ በላይ ይሄዳል ወይ?» አልኩት። «ቀለም ቀለም ነው ወንድሜ» አለኝ። ረጨሁ። ግማሽ ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ ቀዩ ከፊቴ ተንቀሳቀሰ። ተነፋ፣ ተኮማተረ፣ የደረቀ ቋንጣ መሰለ። ሳትነኩት ሲንቀሳቀስ ማየት ያስደነግጣል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የመኪና ስፕሬይ ቲነር ኃይለኛ ነው። ሲንቴቲኩ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና ለስላሳ ነበር፤ ኃይለኛው ገብቶ አስነሳው። ደንቡ ይሄ ነው፦ ኃይለኛው ከታች፣ ለስላሳው ከላይ። በተራ ሲቀመጥ፦ የመኪና ስፕሬይ፣ ከዚያ በላይ ሲንቴቲክ ወይም ትንንሽ ጣሳ የሞዴል ኢናሜል። አክሪሊክ ከታች ሆኖ በደንብ ከደረቀ ሲንቴቲክ ከላዩ ይሸከማል። ሲንቴቲክ ከታች፣ የመኪና ስፕሬይ ከላይ ግን በጭራሽ።

ባዶ ፕላስቲክ ላይም ያው የመኪና ስፕሬይ አንዴ በብዛት ከተረጨ ፕላስቲኩን ይበላዋል። መጀመሪያ ከሩቅ ጤዛ የምታህል አርጉት፤ እሷ ስትደርቅ ቀጣዩን።

ስር ቀለም

ሃርድዌር ቤት «ስር ቀለም» ስትሉ ቀይ አንቲረስት ይሰጧችኋል። ለበር ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ቅንጣቱ ይከብዳል፣ የበሮቹን መጋጠሚያ ሁሉ ይሞላዋል። የመኪና ስፕሬይ ፕራይመር፣ ግራጫው፣ ይሻላል። ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ አቆዩት፤ እሳት ላይ ግን አይደለም። የሞቀ ቀለም ቀጥኖ ይወጣል። ከዚያ ሁለት ደቂቃ አራግፉት፤ ውስጡ ያለችው ኳስ ድምጿ ይሰማ።

ከ15 እስከ 20 ሳንቲም ራቁ። መርጨት የሚጀምረው ከቦዲው ውጭ ነው፣ የሚያልቀውም ከቦዲው ውጭ። ቦዲው ላይ ቁልፉን ተጭናችሁ ከጀመራችሁ የመጀመሪያው ጠብታ እዚያው ይወድቃል። ሦስት ስስ ንብርብር ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። ቀለሙ ካለቀሰ አትጥረጉት። ይድረቅ፤ ከዚያ በቁጥር 1000 የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ወረቀቱን እያረጠባችሁ በቀስታ አለስልሱት።

ግራጫው ሲደርቅ በመስኮት ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ እዩ። ከፕላስቲኩ ያልታየ ጉድለት ሁሉ አሁን ይታያል። ጥቂት የመኪና ስቱኮ በስንጥር ሙሉና ደግማችሁ አለስልሱ። ነጭ ወይም ክሬም የሚለብሰው ክፍል ስሩ ነጭ ይሁን፤ ክሬም ግራጫ ላይ ሲያርፍ ቀዝቃዛ ይሆናል። ቢጫ ደግሞ ስሩ ነጭ ካልሆነ አይበራም።

አየር ከየት ይምጣ?

ኤርብሩሽ፣ ቀለም በአየር ግፊት የምትረጭ ትንሽ መሣሪያ፣ ያላችሁ ታድላችኋል። ኮምፕሬሰር ግን ይወደዳል፤ መብራትም ይጠፋል። አንድ ቀን ክሬሙን ከግማሽ በላይ ረጭቼ መብራት ሄደ። ሲመለስ የቀረው ግማሽ ሌላ ክሬም ሆነ።

መፍትሔው ጎሚስታ ቤት ነው። አንድ አሮጌ የመኪና ጎማ ከነቸርኬው ገዛሁ። እሱን ጎሚስታው 2.5 ባር ይነፋልኛል። ከቫልቩ ወደ ኤርብሩሹ የሚሄድ ቱቦና የግፊት መቀነሻ አለው። ለዚህ ሥራ ከ1 እስከ 1.5 ባር ይበቃል፤ ጎማው ከ1 በታች ሲወርድ ሥራው ያበቃል። ስለዚህ ቀለሙ ቀጥኖ ተዘጋጅቶ፣ ሁሉም ነገር ተሸፍኖ ነው ቫልቩ የሚከፈተው። ጎሚስታውን ግን በቅድሚያ «ኮምፕሬሰሩን ውሃ አፍስስልኝ» በሉት። ታንኩ ስር የሚጠራቀመው ውሃና ዘይት ጎማው ውስጥ ከገባ ቀለማችሁ ላይ ነጠብጣብ ይሆናል። እኛ ሰፈር ያለው ልጅ በመጀመሪያ ሳቀብኝ፤ አሁን «የባቡሩን ጎማ አምጣ» ይለኛል።

ለኤርብሩሽ ቀለሙ እንደ ወተት ይሁን። ብርጭቆ ጎን ላይ ስታንጠባጥቡት ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ ኋላውን ግን የሚሸፍን። የበር ቀለም ከሆነ በናይሎን ካልሲ አጥልሉት፤ ያኔ ስንት ቅንጣት እንደሚቀር ስታዩ ትደነግጣላችሁ።

ፈካ ያለው ቀለም መጀመሪያ

ክሬም ቀድሞ ይቀባል፣ ጥቁር ቀዩ ይከተላል። ጠቆር ያለው ፈካ ባለው ላይ በአንድ ሁለት ንብርብር ይሸፍናል፤ ፈካ ያለውን ጠቆር ባለው ላይ ለማሸነፍ ግን አምስት ንብርብር ይፈጃል፣ ዝርዝሩም ይደፈናል። ክሬሙን ረጭታችሁ ሁለት ቀን ተዉት። በጣታችሁ አትሞክሩት፤ አሽቱት። ቀለም ቀለም የሚሸት ገና አልደረቀም።

አሁን ክሬሙን መሸፈን ነው። እዚህ የሚገኘው የወረቀት ፕላስተር ጠርዙ ሸካራ ነው። ስለዚህ ጠርዙን እራሳችን እንሠራለን። ፕላስተሩን መስታወት ላይ ለጥፉ፣ የብረት ማስመሪያ አስደግፉ፣ በአዲስ ምላጭ በአንድ ጊዜ ቁረጡ። ደነዝ ምላጭ ይቀድደዋል፤ ምላጩ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። የተቆረጠውን ጂንሳችሁ ላይ አንዴ ለጥፋችሁ አንሱት፤ ሙጫው ይደክምና ክሬሙን ይዞ አይነሳም።

ዙሪያውን እኩል ከፍታ ለማግኘት ማስመሪያ አትጠቀሙ። ቦዲውን መስታወት ላይ አቁሙት። በክብሪት ሳጥኖች ላይ የተሾለ እርሳስ በፕላስተር እሰሩ፣ ጫፉ የምትፈልጉት ከፍታ ላይ እንዲሆን አድርጉ፤ ከፍ ማድረግ ካስፈለገ ከሥር ወረቀት ጨምሩ። ከዚያ ሳጥኑን መስታወቱ ላይ እያንሸራተታችሁ ዙሪያዋን ዙሩ። ፊት ለፊቱ ቢታጠፍም፣ አፍንጫው ክብ ቢሆንም፣ መስመሩ ዞሮ ራሱን ያገኛል። መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ካልገጠመ ቦዲው ላይ የሆነ ነገር ጠማማ ነው፤ አሁን ማወቁ ይሻላል።

ጎኑን በወረቀት ፕላስተር፣ ክብ የሆነውን ፊት ደግሞ በቀጭን በተቆረጠ ናስትሮ ሸፍኑ። ናስትሮ ይለጠጣል፣ ጠመዝማዛውን ይከተላል። ግን ብዙ አትለጥጡት፤ ሌሊት ተሰብስቦ ይመለሳል፣ ጠዋት መስመሩ ሌላ ቦታ ነው። ጠርዙን በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ተጭናችሁ አስተኙት።

አሁን የምነግራችሁ ብዙ ሰው የሚዘለውን ነው። ቀዩን ከመርጨታችሁ በፊት በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ ያንኑ ክሬም አንዴ በስሱ ርጩ። ፕላስተሩ ስር መግባት የሚፈልግ ቀለም ካለ ክሬሙ ይግባ። ክሬም በክሬም ላይ አይታይም፤ ክፍተቱም ተደፈነ። ቀዩ ሲመጣ የሚገባበት የለውም።

ቀዩን ረጭታችሁ ፕላስተሩን ከማንሳታችሁ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ቀለሙ አይጣበቅም፣ ግን ገና አልደረቀም። ፕላስተሩን ወደ ራሱ መልሳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ጎትቱ። ወደ ላይ ከሳባችሁት ይዞት ይነሳል።

መስመሩ

ሁለት መንገድ አለ። ለደፋር እጅና ለፈሪ እጅ።

ፈሪው ይቅደም፤ እኔ ከዚህ ወገን ነኝ። መስመሩን አንሥለውም፤ እንደብቀዋለን። መስመሩ በሚያልፍበት ቦታ ቢጫ በሰፊው ቀቡ። ሲደርቅ የመስመሩን ውፍረት ያህል የተቆረጠ ፕላስተር ዙሪያውን ለጥፉበት። ከዚያ ክሬሙን ከላይ፣ ቀዩን ከታች እንደ ነገርኳችሁ ርጩ። በመጨረሻ ያቺን ክር ስታነሱ ቢጫው ይወጣል። ያንን ሰዓት እወደዋለሁ፤ ልጄም ማንሳቱን አይሰጠኝም።

ክሯን መቁረጥ ነው ጭንቁ። እኔ ሁለት ምላጭ ጎን ለጎን አድርጌ መሐላቸው የሲም ካርድ ቁራጭ፣ ቺፑ ከወጣለት በኋላ የሚቀረውን ፕላስቲክ፣ አስገብቼ በናስትሮ አስሬያለሁ። ካርዱ 0.76 ሚሊሜትር ነው። የምላጩ ውፍረት ሲጨመር የምታገኙት ክር ወደ 0.86 ይጠጋል፤ በእውነተኛ ባቡር ላይ 7 ሳንቲም ተኩል ማለት ነው። ለወገብ መስመር ልክ ነው። ቀጭን ከፈለጋችሁ ካርዱን በብርጭቆ ወረቀት አሳሱት። ሁለት ምላጭ ስለሆነ ጣታችሁን አስቡ።

ለደፋሩ ደግሞ የመስመር ብዕር አለ። ኮምፒውተር ሳይመጣ ነዳፊዎች ይጠቀሙበት የነበረው ነው፦ ሁለት የብረት ምላስ አለው፣ ቀለሙ መሐላቸው ይያዛል፣ በጎኑ ያለችው ብሎን ታጠባለች ታሰፋለች። የእኔን ያገኘሁት ጡረታ ከወጣ ሰው ከኮምፓስ ሳጥኑ ነው። ከሌላችሁ አዲስ ቁጥር 23 የሕክምና መርፌ ጫፏን በሞረድ አደንዝዛችሁ ሞክሩ፤ የውስጧ ቀዳዳ 0.34 ሚሊሜትር ያህል ነው። ቶሎ ቶሎ ግን ትደፈናለች።

ሰፈራችን አንድ ቁም ጸሐፊ የኔታ አሉ። አንድ ቀን መስመሩ እየሄደ እየሄደ ሲጣመምብኝ እሳቸው ዘንድ ሄጄ ሥራቸውን አየሁ። ብራናውን ከሁለቱም ዳር በወስፌ ይወጋሉ፣ ነጥብ በነጥብ። ከዚያ ከነጥብ ወደ ነጥብ በደነዘ ብረት ይጭራሉ። ቀለም የለውም፤ በብራናው ላይ የምትታይ ቀጭን ጉድጓድ ብቻ። ፊደሉ እሷን ይዞ ይሄዳል። «የኔታ፣ እጅዎ እንዴት አይንቀጠቀጥም?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ እጄን ምን አምነዋለሁ? መንገዱን እጠርግለታለሁ እንጂ» አሉኝ።

ቤት ገብቼ የጠረግሁት መንገድ ይህ ነው።

መጀመሪያ፣ ቦዲውን ሙሉ በሙሉ በአንጸባራቂ ቫርኒሽ ሸፈንኩ። የሁለቱ ሊቶሪናዎቼ ጥፋት እዚህ ነበር። ቀለማቸው ደባቃ (የማያንጸባርቅ) ነበር። ደባቃ ቀለም በአጉሊ ሲታይ ሸካራ ነው፤ የብዕሩ ቀለም በጉድጓዶቹ ውስጥ ወደ ጎን ይሄዳል፣ መስመሩ ጠርዙ ጸጉር ያበቅላል። አንጸባራቂ ላይ ግን ቀለሙ ባለበት ይቆማል። ከተሳሳታችሁም ይጠረጋል።

ሁለተኛ፣ የብዕሩን ቀለም ከሥሩ ካለው ቀለም የተለየ አደረግሁ። ሥሩ አክሪሊክ ወይም የደረቀ የመኪና ስፕሬይ፣ መስመሩ ኢናሜል። ሲበላሽ ስንጥር ላይ ጥጥ ጠምጥሜ አኳራጅ አስነክቼ አብሳለሁ፤ ሥሩ አይነካም። ቫርኒሹም አኳራጅ የማይፈታው ዓይነት መሆኑን ቀድማችሁ ሞክሩ።

ሦስተኛ፣ ማስመሪያዬን ከቦዲው አነሳሁት። ሥሩ ላይ ሦስት ንብርብር ፕላስተር ለጥፌ ጠርዙ አየር ላይ እንዲንሳፈፍ አደረግሁ። ማስመሪያው ቦዲውን ከነካ ቀለሙ ሾልኮ ሥሩ ይገባል፤ ስታነሱት መስመሩ ሳይሆን ጠባሳ ታገኛላችሁ።

ቀለሙ ከወተት ወፈር፣ ከእርጎ ቀጠን ይበል። ብዕሩን ቀለም ውስጥ አትንከሩ። በቀጭን ብሩሽ በምላሶቹ መሐል 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ከፍታ ያህል ሙሉ፣ ውጩን ጥረጉ። መጀመሪያ በመስታወት ላይ አስምሩ። ካልወረደ ቀለሙ ወፍሯል፤ ከተንዠረገገ ቀጥኗል። ሲስተካከል ወዲያው ወደ ቦዲው ሂዱ፤ ደረቁ የጎንደር አየር አይጠብቃችሁም፣ ከ2100 ሜትር በላይ ነን።

ብዕሩን ወደምትሄዱበት አቅጣጫ ትንሽ ዘንበል አድርጉ። አትጫኑ፤ የብዕሩ ክብደት ራሱ ይበቃል። ክንዳችሁን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ አሳርፉና ከትከሻ ተንቀሳቀሱ፣ ከጣት አይደለም። ፍጥነቱ አይቀየር። መሐል ላይ ከቆማችሁ እዚያ ላይ ኩሬ ይሠራል። ሁለቱን ረዣዥም ጎን አስምሩና ሌሊቱን አሳድሩ። በማግስቱ አጫጭሮቹን የፊትና የኋላ መስመሮች። ጥጎቹን መጨረሻ ላይ በጣም ቀጭን በሆነው በ000 ቁጥር ብሩሽ ገጣጥሙ። መስመሮቹ ጥግ ላይ ካልገጠሙ ቢጫ መጨመር አይረዳም፤ ጥጉን በቀዩ ወይም በክሬሙ ከውጭ እያቀጠናችሁ አስተካክሉ። እንዲህ ዓይነቱን ማስተካከል ሦስት ጊዜ ብደግም አላፍርበትም።

ብዕሩ በሁለት መስመር መሐል ይጠረጋል። ምላሱ ውስጥ የደረቀ ቀለም እንደ አሸዋ ይጭራል።

ፊደል

ጎኗ ላይ ቁጥርና «ምድር ባቡር» የሚል ጽሑፍ አድርጌያለሁ። በብሩሽ በዚህ መጠን መጻፍ ለእኔ አልሆነልኝም። ውሃ ላይ የሚላቀቅ የጽሑፍ ወረቀት ከውጭ በሚመጣ ሰው አስልኬ፣ ፒያሳ ሌዘር ፕሪንተር ያለው ቤት አሳትሜያለሁ። በቀለም በሚረጭ ፕሪንተር የታተመ ከሆነ ግን ከማርጠባችሁ በፊት በላዩ ቫርኒሽ ርጩ፤ አለበለዚያ ውሃው ውስጥ ይቀልጣል።

ፊደሉን በመቀስ በቅርብ ቁረጡ፣ ውሃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ ቦዲው ላይ አንሸራቱ። ሥሩ አየር ከቀረ አቼቶ በእኩል ውሃ በጥብጣችሁ በብሩሽ ጫፍ አስነኩት። ወረቀቱን ያለሰልሰውና የበሩን መጋጠሚያ ይዞ ይተኛል። ቤቱ ለአንድ ሰዓት ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል፤ ከቲነር ይሻላል።

መጨረሻው

ቀለሙና ፊደሉ ሲደርቁ በላዩ አንድ የመጨረሻ ቫርኒሽ ያስፈልጋል። አንጸባራቂ እስከ አሁን ይጠቅመን ነበር፤ አሁን መደርደሪያ ላይ አሻንጉሊት ያስመስለዋል። ግማሽ አንጸባራቂ ወይም ደባቃ ርጩ። ይህም ከመስመሩ ቀለም ጋር የማይጣላ መሆኑን ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ሞክሩ፤ ኢናሜሉ ከላይ ነውና የመኪና ቫርኒሽ በላዩ አይረጭም። የቋንጣውን ታሪክ አስታውሱ።

አቧራ ማልበስ የምትወዱ፣ ከቦጊዎቹ (መንኮራኩሮቹን ከያዙት ክፈፎች) በላይ ጥቂት ቡናማ በደረቅ ብሩሽ አስነኩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ እጁ ይረዝማል። የምጽዋ መስመር አቧራማ ነው እሺ፤ ግን አንድ ሳምንት የለፋችሁበትን ቢጫ መስመር ጭቃ ማልበስ ምን ይባላል? የእኔዋ ከታች ብቻ ትንሽ አቧራ አላት።

መስኮቱ ከሁሉም በኋላ ነው የሚገባው፤ ቀድሞ ከገባ ቫርኒሹ ያደበዝዘዋል። የሸሚዝ ማሸጊያ ሣጥን ላይ ያለው ግልጽ ፕላስቲክ በልኩ ይቆረጣል። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፤ ትነቱ ግልጹን ነጭ ያደርገዋል። ነጭ የእንጨት ኮላ ይሻላል፤ ሲደርቅ ይጠፋል።

ቦዲውን ሻንሲው ላይ ከመግጠማችሁ በፊት ከመሶቡ ሥር አንድ ሳምንት አቆዩት። ላዩ በሁለት ቀን ደርቆ ይታያል፤ ጣታችሁን ጫን ብታደርጉ ግን አሻራችሁ ይቀራል። እናቴ በአምስተኛው ቀን ክዳኑን አንስታ «ይቺ ናት አባትህ የሚያወራላት?» አለች። ነች አልኳት። ጣቷን ዘርግታ ጣሪያውን ነካች። እዚያ ቦታ ላይ ዛሬም የአውራ ጣቷ ምልክት አለ፤ አላለሰለስኩትም።